ጽሑፍን በመልኩ መፈለግ

መግቢያ

በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድን ቃል ከረጅም ጽሑፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘትን ያውቃል። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ኤፍን ይጫናል፤ የሚፈልገውን ቃል ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ቃሉ ካለበት ገጽ ያደርሰዋል። ይህ ሥራ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ መፈለግ ማለት በፊደል መፈለግ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በዚያው በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ብዙዎቻችን ከፍተን ያላየነው ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ጽሑፍን በፊደሉ ሳይሆን በመልኩ መፈለግ ነው። «በደማቅ የተጻፈውን ሁሉ አሳየኝ»፥ «በቀይ ቀለም ያለውን ሁሉ አውጣልኝ»፥ «በዚህ ፎንት የተጻፈውን ሁሉ ለይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም ይገኛል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሆኖም በዐማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች በተለይ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ከዚህም በላይ በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የዐማርኛ ጽሑፎች ድነው እንዲተርፉ ወይም ተበላሽተው እንዲቀሩ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ዘዴ ማወቅና አለማወቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የጽሑፍ መልክ ምን እንደ ሆነና ኮምፒዩተር እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው፥ ቀጥሎ አፈላለጉን፥ ከዚያም ለዐማርኛ ያለውን ጥቅም፥ በመጨረሻም ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በተራ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መልክ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ፊደሉ ነው፤ ሁለተኛው ፊደሉ የለበሰው መልክ ነው። «ጎንደር» የሚለው ቃል በቀጭን ቢጻፍ፥ በደማቅ ቢጻፍ፥ ከሥሩ ቢሰመርበት፥ በትልቅ ወይም በትንሽ ቢጻፍ ፊደሎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው። የሚለወጠው መልኩ ነው። ፎንቱ፥ መጠኑ፥ ድምቀቱ፥ ቀለሙ፥ የመሥመሩ አሰላለፍ፥ በመሥመርና በመሥመር መካከል ያለው ርቀት፥ እነዚህ ሁሉ ባንድነት የጽሑፍ መልክ፥ በፕሮግራሞቹ አጠራር ደግሞ ፎርማት ይባላሉ።

መልክ ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የጥንት ጸሐፊዎቻችን ያውቁ ነበር። የብራና መጽሐፍ ገልጦ የተመለከተ ሰው ጥቁርና ቀይ ቀለም እየተፈራረቀ እንደ ተጻፈ ያስተውላል። ቁም ጸሐፊው በቀዩ ቀለም የሚጽፈው በዘፈቀደ አይደለም። የምዕራፉን መነሻና የቅዱሳንን ስም፥ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም በቀይ ይጽፋል። በተአምረ ማርያም የማርያም ስም በመጣ ቁጥር በቀይ ተጽፎ የሚገኝባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። አንባቢውም አንዱ ተአምር አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ሲፈልግ እያንዳንዱን ቃል አያነብም፤ ዐይኑ ቀዩን እየተከተለ ቅጠሉን ይገልጣል። እንግዲህ ይህ አንባቢ የሚሠራው ሥራ በመልክ መፈለግ ነው ማለት ነው።

የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ የመልክ ነገር ጠበበ። መኪናው አንድ ዓይነት ፊደልና አንድ መጠን ብቻ ስላለው ጸሐፊው ሊያደርግ የሚችለው ከቃሉ ሥር ማስመር፥ ባለ ሁለት ቀለም ጥብጣብ ካለውም በቀይ መምታት ነበር። በላቲን ፊደል ለሚታተም መጽሐፍ ይህ ከቃል ሥር የተሰመረ መሥመር ለማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ «ይህን ቃል በኢታሊክ ልቀመው» የሚል ትእዛዝ ነበረ። ከዚህ የምንረዳው መልክ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚናገር ምልክት መሆኑን ነው።

2. ኮምፒዩተሩ መልክን እንዴት ይይዘዋል?

ጽሑፍን በወረቀት ላይ እንደሚወጣው አድርጎ በስክሪን ላይ በማሳየት የመጀመሪያው ነው የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ብራቮ ይባላል። የተሠራው በ1974 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል ሲሆን፥ ከሠሪዎቹ ዋነኞቹ በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ ናቸው። ሲሞኒ በ1981 ወደ ማይክሮሶፍት ተዛወረ፤ በ1983ም የዚህ ኩባንያ የጽሕፈት ፕሮግራም፥ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ወርድ፥ ወጣ።

የወርድ ፋይል ከ2007 ወዲህ በተለመደው ዓይነቱ፥ ዶክ ኤክስ በሚባለው፥ አንድ ፋይል ይምሰል እንጂ የብዙ ፋይሎች ጥቅል ነው። ጥቅሉ በዚፕ የታሰረ ስለ ሆነ ፈትቶ ውስጡን ማየት ይቻላል። ሲፈታ ዐረፍተ ነገሮቻችን እንዳሉ ተቀምጠው አይገኙም፤ መልካቸው በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ተቆራርጠው ይገኛሉ። እያንዳንዱም ቁራጭ ከፊቱ የመልኩን ዝርዝር፥ ከኋላው ፊደሎቹን ይዟል።

ለምሳሌ «የአክሱም ሐውልት ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው» ብለን ጽፈን «አንድ ድንጋይ» የሚለውን ብቻ በደማቅ ብናደርገው፥ በፋይሉ ውስጥ ዐረፍተ ነገሩ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። የመጀመሪያው «የአክሱም ሐውልት ከ» የሚለው ነው፤ የመልክ ዝርዝሩ ስለ ድምቀት ምንም አይናገርም። ሁለተኛው «አንድ ድንጋይ» የሚለው ሲሆን በዝርዝሩ «ደማቅ» የሚል ምልክት አለበት። ሦስተኛው የቀረው ነው።

ነገሩ እህል በጆንያ እንደ ተከመረበት መጋዘን ነው። ስንዴ የሚፈልግ ሰው ጆንያውን ሁሉ እየፈታ እህሉን ሊያይ ይችላል፤ ይህ በፊደል መፈለግ ነው። ወይም ደግሞ ጆንያውን ሳይፈታ ከላዩ የተጻፈውን ምልክት እያነበበ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ በመልክ መፈለግ ነው። ሁለቱንም ባንድነት ማድረግ፥ ማለት ይህ ምልክት ካላቸው ጆንያዎች መካከል ይህ እህል ያለበትን መለየትም ይቻላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። መልክ ለጽሑፍ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጸሐፊው ቃሉን መርጦ በቀጥታ «ደማቅ ሁን» ሲለው ነው። ሁለተኛው ስታይል በሚባለው ነው። ስታይል ማለት ስም የተሰጠው የመልክ ጥቅል ነው። «የቦታ ስም» የሚል ስታይል አቁመን በውስጡ «ደማቅ፥ ሰማያዊ» ብለን ብንወስን፥ ይህን ስም የሰጠነው ቃል ሁሉ ደማቅና ሰማያዊ ይሆናል። የእነዚህ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ወደ ኋላ ትልቅ ነገር ሆኖ ይመጣል።

3. የአፈላለጉ ሥርዐት

በማይክሮሶፍት ወርድ ኮንትሮልን ይዘን ኤችን ብንጫን የመፈለጊያውና የመተኪያው ሣጥን ይከፈታል። በሣጥኑ ላይ «ሞር» የሚለውን ስንጫን ወደ ታች ይሰፋል፤ ከግርጌውም «ፎርማት» የሚል ቁልፍ ይታያል። ሥራው ከዚህ በኋላ እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ጠቋሚውን የሚፈለገው ቃል በሚጻፍበት በላይኛው ሣጥን ውስጥ እናሳርፋለን። በውስጡ ምንም አንጽፍም።

ለ. «ፎርማት» የሚለውን ተጭነን «ፎንት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ከሚከፈተውም ገጽ ለምሳሌ «ቦልድ» የሚለውን፥ ማለት ደማቁን፥ እንመርጣለን። ስንመለስ ከሣጥኑ ሥር የፈለግነው መልክ ተጽፎ እናገኛለን።

ሐ. «ፋይንድ ኔክስት» የሚለውን ስንጫን ፕሮግራሙ በደማቅ የተጻፉትን አንድ በአንድ ያሳየናል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመያዝ ስንፈልግ በፋይንድ ገጽ ላይ «ፋይንድ ኢን» የሚለውን፥ ከእርሱም «ሜይን ዶኪዩመንት» የሚለውን እንመርጣለን። ያን ጊዜ የተገኙት ሁሉ ባንድነት ይመረጣሉ፤ ቀድተን ወደ ሌላ ገጽ ብንወስዳቸው ዝርዝር ይሆኑልናል።

በላይኛው ሣጥን ውስጥ ቃል ከጻፍን ፍለጋው ይጠብባል። «ጎንደር» ብለን ጽፈን ደማቁን ብንመርጥ በደማቅ የተጻፈው ጎንደር ብቻ ይመጣል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሆነን ኮንትሮልን ይዘን ቢን አንድ ጊዜ ብንጫን «ደማቅ» ማለት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ብንጫን «ደማቅ ያልሆነ» ማለት ይሆናል። ስለዚህ የቦታ ስሞችን ሁሉ በደማቅ ሲጽፍ የቆየ ተማሪ «ደማቅ ያልሆነ ጎንደር» ብሎ ቢፈልግ የረሳቸው ሁሉ ይወጡለታል። መቶ ገጽ ያለውን ጽሑፍ በዐይን ከመልቀም ያድነዋል።

በመተኪያውም ሣጥን እንዲሁ መልክ መስጠት ይቻላል። በላይኛው ሣጥን «ከሥሩ የተሰመረበት»፥ በታችኛው «ያልተሰመረበትና ደማቅ» ብለን ሁለቱንም ከፊደል ባዶ ብንተዋቸው፥ የተሰመረበት ሁሉ ፊደሉ ሳይነካ ወደ ደማቅ ይለወጣል። በታችኛው ሣጥን የሚጻፍ ^& የሚል ምልክትም አለ፤ ትርጉሙ «የተገኘው ራሱ» ማለት ነው። በላይኛው ሣጥን ደማቁን መርጠን በታችኛው «^&» ብለን በትእምርተ ጥቅስ መካከል ብንጽፈው፥ በደማቅ የተጻፈው ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ይከበባል። ይህ ዘዴ ጽሑፉ መልክ ወደማይቀበል ቦታ በሚሄድበት ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ መልኩ ቢጠፋም ምልክቱ በፊደል ተጽፎ ይቀራልና።

ያለ ገንዘብ በሚገኘው በሊብረኦፊስ ደግሞ ሣጥኑ የሚከፈተው በዚያው በኮንትሮልና በኤች ነው። እዚያም «ፎርማት» የሚል ቁልፍ አለ። በአጠገቡ «አትሪቢዩትስ» የሚል አለ፤ ይህ አንድን የመልክ ዓይነት በጠቅላላው ለመፈለግ ይረዳል። ለምሳሌ ፎንትን ብንመርጥ ከተለመደው ፎንት የተለየው ሁሉ ይወጣል። በሊብረኦፊስ ማስተዋል የሚገባን፥ በስታይል የተሰጠውንም መልክ አብሮ እንዲፈልግ ከተፈለገ «ኢንክሉዲንግ ስታይልስ» በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነው። አለዚያ የሚፈልገው በቀጥታ የተሰጠውን መልክ ብቻ ነው።

4. ለዐማርኛ ያለው ጥቅም

በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በፊደል መፈለግ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። የእኛ ጉዳይ ግን በሦስት ምክንያት የተለየ ነው።

አንደኛው ምክንያት የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀ፥ በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ ዐሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይሆናል። ድምፁ ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ዐሥራ ሁለት የተለያዩ ቃሎች ናቸው። አንዱን ጽፎ የፈለገ ሰው ዐሥራ አንዱን አያገኝም፤ እንዳላገኘም አያውቅም። በተለይ ልዩ ልዩ ሰዎች የጻፏቸው ጽሑፎች ባንድ ላይ ሲሰበሰቡ ይህ ችግር ይበረታል።

ሁለተኛው የግሥ እርባታ ነው። ፊደላችን አናባቢውን በራሱ ውስጥ የያዘ ስለ ሆነ፥ ቃሉ በረባ ቁጥር ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። «ሰበረ»፥ «ይሰብራል»፥ «ሰባሪ»፥ «ስብራት» የሚሉትን ብንመለከት ሥራቸው አንድ መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል። ነገር ግን በአራቱም ውስጥ ሳይለወጥ የሚገኝ አንድ ፊደል እንኳ የለም። ስለዚህ ስለ አንድ ግሥ የሚያጠና የቋንቋ ተማሪ ምሳሌዎቹን ሁሉ በፊደል ፈልጎ ሊያገኛቸው አይችልም። ሲጽፍ ግን የምሳሌ ቃሎቹን ሁሉ አንድ መልክ ቢያለብሳቸው፥ ፊደላቸው ምንም ያህል ቢለያይ በአንድ ጥያቄ ይሰበሰቡለታል።

ሦስተኛው፥ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍል የሌለው መሆኑ ነው። በላቲን ፊደል የሰውና የቦታ ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ዐይንም ፕሮግራምም ይለየዋል። በዐማርኛ ግን «ፀሐይ» የሰው ስም ይሁን የሰማይ ብርሃን፥ «ዓለም» የሰው ስም ይሁን ምድር ሁሉ፥ ከፊደሉ አይታወቅም። ኢታሊክም ለግዕዝ ፊደል የተፈጠረ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል አጋድሞ የሚያሳየው ነው። ስለዚህ ስምን ከተራ ቃል ለመለየት ያለን መንገድ በድምቀት፥ በቀለም፥ ወይም በስታይል ምልክት ማድረግ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚረዳ አንድ ትንሽ ምክር እንጨምራለን። «በጎንደር»፥ «ከጎንደር»፥ «የጎንደር» ተብሎ በተጻፈ ጊዜ ምልክቱን «ጎንደር» በሚለው ላይ ብቻ ማድረግ ይሻላል። እንዲህ ከተደረገ ስሞቹ ሲሰበሰቡ መስተዋድዱ ተለይቶ ስለሚቀር ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እርግጥ ነው፥ «ያክሱም» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ የና አ በአንድ ፊደል ስለ ተዋሐዱ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ «የአክሱም» ብሎ ለያይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

5. የቀድሞ ፎንቶች ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ሥራን ስለሚያቀልለው ጥቅም ነው። አሁን የምንናገረው ግን ጽሑፍ ከመጥፋት ስለሚድንበት ነገር ነው።

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በቀድሞው አሠራር ለፊደላት የነበረው ቦታ 256 ነበረ። ከዚህም የመጀመሪያዎቹ 32 ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዙ ስለ ሆኑ የሚቀረው 224 ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቧና እንደ ሏ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፥ ቁጥሮቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ሳይቈጠሩ ማለት ነው። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎች መላ ፈጠሩ። በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ፊደል ሣሉበት፤ አልበቃ ሲልም አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፈሉት፤ ሌሎቹም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ምልክቶች እየገጠሙ ሠሩት።

በዚህ አሠራር የተጻፈ ፋይል በእርግጥ የያዘው የላቲን ፊደላትን ቁጥር ነው። ለምሳሌ 98 የላቲኑ ትንሹ ቢ ቁጥር ነው። በቀድሞ የዐማርኛ ፎንት በተጻፈ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይህ ቁጥር ቢገኝ ዐማርኛ መሆኑን የሚናገረው ቁጥሩ ሳይሆን የፎንቱ ስም ነው። በአጭሩ፥ በዚያ ጊዜ ጽሑፍ ውስጥ መልኩ የትርጉሙ ግማሽ ነው።

በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ሰጠው። በ2007 ለሕዝብ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለው ፎንት አብሮ መጣ። ይሁን እንጂ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ተማሪዎች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቀድሞዎቹ ፎንቶች ሲጽፉ ቈይተዋል። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፥ ቃለ ጉባኤዎችና የቃል ታሪክ ስብስቦች ዛሬም በየኮምፒዩተሩና በየዲስኩ አሉ።

አደጋው የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይህን የመሰለ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ይከፍታል። ዐማርኛው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታየዋል። «ፎንቱ ስላልሆነ ነው» ብሎ ጽሑፉን በሙሉ ይመርጥና ኒያላን ይሰጠዋል፤ ባይስተካከልለትም እንዳለ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ የፎንቱ ስም ከፋይሉ ተፋቀ። ከዚያ በኋላ የትኛው ዐማርኛ፥ የትኛው በመካከሉ የገባ እንግሊዝኛ እንደ ነበረ ፕሮግራም ሊለየው አይችልም። ፊደሉም በሁለት ፎንት ተከፍሎ የነበረ እንደ ሆነ፥ አንዱ ቁጥር የሁለት ልዩ ልዩ ፊደላት ምልክት ስለ ነበረ፥ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቅበት መንገድ ጠፋ። ይህ የጆንያዎቹን ምልክት ሁሉ እንደ መፋቅ ያለ ነው።

ፋይሉ ሳይነካ ከቈየ ግን መዳን ይችላል። ፎንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ባይኖርም እንኳ ስሙ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። ጠቋሚውን በእንግዳው ጽሑፍ ላይ ብናሳርፍ የፎንቱ ስም በላይኛው የፎንት ሣጥን ውስጥ ይታያል። ሥራውም በዚህ ተራ ሊሠራ ይችላል።

ሀ. በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ማድረግ፤ ዋናውን አለመንካት።

ለ. በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን የፎንቶች ስም መዝግቦ መያዝ።

ሐ. የእያንዳንዱን ፎንት ጽሑፍ በመልክ ፈልጎ ልዩ ቀለም መስጠት፤ ለምሳሌ የመጀመሪያውን ቀይ፥ የሁለተኛውን ሰማያዊ። እንግሊዝኛው ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። ያን ጊዜ ሰው በዐይኑ አይቶ ልዩነቱን ያረጋግጣል።

መ. የፎንቱን የፊደል ሰንጠረዥ ይዞ ፊደል በፊደል መተካት። በላይኛው ሣጥን የቀድሞውን ፊደል ከፎንቱ ስም ጋር፥ በታችኛው የዩኒኮዱን ፊደል ከኒያላ ጋር እናደርጋለን። የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል በቀድሞው ፎንት ሁለት የተለያዩ የዐማርኛ ፊደላት ስለሚሆኑ «ማች ኬዝ» በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ግዴታ ነው። ከሁለት ቁራጭ የተገጠሙ ፊደላት ካሉ አስቀድመው መተካት አለባቸው።

ሠ. በመጨረሻ ሣጥኑን ከፊደል ባዶ አድርጎ የቀድሞውን ፎንት ብቻ መፈለግ። ፕሮግራሙ ምንም ካላገኘ ሥራው ተፈጽሟል፤ ካገኘም የቀረውን ያሳያል።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፥ እንግሊዝኛው በዚያ ፎንት ስላልተጻፈ ምንም አይነካም። ሁለተኛ፥ የተተካው ፊደል ወዲያው ፎንቱ ስለሚለወጥ ሁለተኛ ጊዜ አይተካም። ይህንኑ ሥራ በፍጥነት የሚሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ዐማርኛውን ከእንግሊዝኛው ለመለየት የሚመሩት በፎንቱ ስም ነው። ስሙ ከተፋቀ እነርሱም አይረዱም።

6. ጥንቃቄ

የመጀመሪያው ጥንቃቄ፥ አንድ ጊዜ የተሰጠ የመልክ ትእዛዝ በሣጥኑ ውስጥ እንደሚቈይ ማወቅ ነው። ደማቁን ሲፈልግ የነበረ ሰው ቀጥሎ ተራ ቃል ቢፈልግ፥ ቃሉ በዐይኑ ፊት እያለ ፕሮግራሙ «የለም» ይለዋል። ምክንያቱ አሁንም በደማቅ የተጻፈውን ብቻ እየፈለገ ስለ ሆነ ነው። «ኖ ፎርማቲንግ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የቀድሞው ትእዛዝ ይሰረዛል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። በላይኛው ሣጥን መልክ ሰጥተን፥ የታችኛውን ከፊደልም ከመልክም ባዶ አድርገን «ሁሉንም ተካ» ብንል፥ ፕሮግራሙ የተገኘውን ሁሉ በባዶ ይተካል፤ ማለት ይደመስሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ፋይሉን ሳይዘጉ ኮንትሮልን ይዞ ዜድን በመጫን መመለስ ይቻላል።

ሦስተኛው፥ ከሚያስፈልገው በላይ መልክ አለመጠየቅ ነው። «ደማቅ፥ መጠኑ 12፥ ቀለሙ ጥቁር» ብለን ብንጠይቅ ሦስቱንም ባንድነት ያሟላው ብቻ ይመጣል፤ መጠኑ 11 የሆነው ደማቅ ግን ይቀራል። የሚለየውን አንዱን ምልክት ብቻ መጠየቅ ይበቃል።

አራተኛውና ዋነኛው የመልክና የትርጉም ልዩነት ነው። አንድ ተማሪ የምዕራፉን ርእስ፥ የሰውን ስም፥ የመጽሐፍን ስምና አጠንክሮ ሊናገር የፈለገውን ቃል ሁሉ በደማቅ ቢጽፍ፥ ደማቁን ሲፈልግ አራቱ ተደባልቀው ይመጡበታል። ፕሮግራሙ ደማቅ መሆኑን ያውቃል እንጂ ለምን ደማቅ እንደ ሆነ አያውቅም። በፊት ስለ ስታይል የተናገርነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። «የሰው ስም»፥ «የቦታ ስም»፥ «የመጽሐፍ ስም»፥ «የግዕዝ ቃል» የሚሉ ስታይሎችን አቁሞ የሚጽፍ ሰው ሁሉም በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ደማቅ ሆነው ቢታዩ እንኳ በስማቸው ለይቶ ሊፈልጋቸው ይችላል። በዚህ አኳኋን የተጻፈ ጽሑፍ የመጨረሻው የስሞች ማውጫ ሲዘጋጅለት ድካሙ ግማሽ በግማሽ አልቋል ማለት ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፥ በመልክ መፈለግ ፕሮግራሞቹ ሁልጊዜ ይዘውት የሚኖሩት፥ ለመማርም ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ዘዴ ነው። ለዐማርኛ ጸሐፊ በሞክሼ ፊደላት፥ በግሥ እርባታና በስሞች መለየት በኩል በፊደል መፈለግ የማያደርሰው ቦታ ያደርሰዋል። ዘዴው ግን ጸሐፊው ካስቀመጠው ምልክት በላይ ሊያገኝ አይችልም። ሲጽፍ ያልለየውን ሲፈልግ አያገኘውም።

ስለዚህ ሁለት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ የምናቀርብ ተማሮች ከላይ በጠቀስናቸው አራት ስታይሎች ብንስማማና በእነርሱ ብንጽፍ ለአዘጋጆቹም ለኋላ ተመራማሪዎችም ሥራው ይቀላል። ሁለተኛ፥ በየትምህርት ክፍሉ ያሉት በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ማንም ፎንታቸውን «ከማስተካከሉ» በፊት እንዳሉ ተቀድተው እንዲቀመጡ መምህራኖቻችን ቢያሳስቡልን መልካም ነው። መለወጡ በዕረፍት ጊዜ ቀስ ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ የፎንታቸው ስም ከተፋቀ በኋላ ግን ዐማርኛውን የሚመልስልን፥ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ቢገኝ ብቻ ነው።